ምሳ ዕቃውን ማን ያጥበዋል?

በባንክ መስኮት ገንዘብ ሲቀበልና ሲከፍል የኖረ ሰው ስለ ጥቁር ፌስታል ብዙ ያውቃል። ነጋዴው የቀን ሽያጩን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ያመጣል። ዕቁብ የወጣላት እናት ብሯን በጥቁር ፌስታል ቋጥራ፣ ፌስታሉን ደግሞ በነጠላዋ ሸፍና ትመጣለች። በ2013 ዓ.ም. መስከረም የብር ኖቶች ሲቀየሩ፣ ከፍራሽ ሥርና ከሣጥን ግርጌ የወጣውን አሮጌ ብር ስንቆጥር ከብሩ ይልቅ ፌስታሉ ይበዛ ነበር ብል አንባቢ ማጋነኔን ይቅር ይለኛል። ሰው ሊሸሽገው የሚፈልገውን ነገር በጥቁር ፌስታል ይይዛል። ነጩ ያሳብቃል፤ ጥቁሩ ምስጢር ይጠብቃል።

እኔም ለስድስት ዓመታት ምሳዬን በጥቁር ፌስታል ይዤ ሥራ ገብቻለሁ።

ይህች ጽሑፍ ጠብ ያለባት ናት። ጠቧም ከፌስታል ፋብሪካ ወይም ከቀበሌ ጽዳት ጋር ሳይሆን ከእኛ፣ ግጥም ከምንጽፍና ግጥም ከምናነብ ሰዎች ጋር ነው። ከሁሉም አስቀድሞ ከራሴ ጋር።

አምና ስለ አካባቢ ጥበቃ በተሰናዳ አንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ ግጥም እንዳነብ ተጋብዤ ነበር። «የእናቴ አገልግል» የሚል ርእስ የሰጠሁትን ይዤ ወጣሁ። አራቱን ስንኞች እዚህ ላስፍራቸው፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁና፦

ስንደዶና አክርማ፣ የፍየል ሌጦ ለብሶ፣
አገር ያቋርጣል፣ የእናት ስንቅ ጎርሶ፤
አርጅቶ ሲጣልም፣ ከአፈር አይጣላም፣
እንደ ዛሬው ላስቲክ፣ መሬትን አይበላም።

ተጨበጨበልኝ። አንድ አንጋፋ ገጣሚ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ወርቁ ከአፈር ነው» አሉኝ። ከዚያ እራት ቀረበ። እራቱ በነጭ የፎም ዕቃ ተከድኖ፣ የፕላስቲክ ሹካ ተጎዝጉዞለት፣ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ጋር ነበር የመጣው። ስለ ምድር መራቆት ስናለቅስ ያመሸን ሠላሳ አርባ የምንሆን ሰዎች ክዳኑን ገልጠን በላን። ማንም አልሳቀ፣ ማንም አልተሸማቀቀ። እኔማ ሁለት የተረፉ ዕቃዎች ለቤተ ሰቤ ይዤ እንድሄድ ሲሰጡኝ በፌስታል አስገብቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

የካ አባዶ ስደርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ሆኗል። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ በሩን ስከፍት ባለቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ ከሳፋ ላይ አጎንብሳ ሦስት ምሳ ዕቃ ታጥባለች። የእኔን፣ የልጃችንንና የራሷን። እርሷ ነርስ ናት፤ እርሷም የዋለችው ሥራ ነው። «እንዴት ነበር?» አለችኝ ቀና ሳትል። ነገርኋት። ግጥሙንም በቃሌ አልሁላት። አዳመጠችኝ፤ በእጄ የያዝሁትን ፌስታል አየች፤ ከዚያም እንደ ዋዛ፣

«ጥሩ ነው። ግን እዚያ ግጥም ላይ ምሳ ዕቃውን ማን ያጥበዋል?» አለችኝ።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ ብዙ አረንጓዴ ግጥሞችን በዚህች ጥያቄ መዘንሁ፤ ብዙዎቹ አልተነሡም። የእኔ ከሁሉ ቀልሎ ተገኘ። አገልግሉ በራሱ እግር አገር ያቋርጣል። ስንደዶውን ማን እንዳጨደው፣ አክርማውን ማን ቀለም ነክሮ እንደሰፋው፣ ሌጦውን ማን አልፍቶ እንዳለበሰው አይታወቅም። እናቴ በግጥሙ ውስጥ አለች፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ የጋገረችው እንጀራ ግን የለም። አገልግል በውሃ እንደ ሳህን አይነከርም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ፣ አየር ተናፍሶለት፣ ቆዳው ቅባት አግኝቶ ነው ዕድሜ የሚኖረው። ይህን ሁሉ የማውቀው ልጅ ሳለሁ እናቴ ስታደርገው ስላየሁ ነው። ማየቴ ግን ስንኝ አልሆነልኝም። ሌጦው ሆነልኝ።

እስቲ ስለ እውነተኛው ምሳ እንነጋገር። በአባዶ የጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖር ሰው ቀኑ የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። በጣፎ በኩል ዞሮ ሲኤምሲን አልፎ መገናኛ እስኪደርስ መንገዱ የፈቀደለትን ያህል ይቆያል፤ ከዚያ ደግሞ ወደየሥራው። ስለዚህ ምሳ የሚሰናዳው ወፍ ሳይንጫጫ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል። በመጣበት ቀን ቢጫ ጀሪካን ሁሉ ይሞላል፤ ባልመጣበት ቀን ጀሪካኑ በብርጭቆ ይቆጠራል። ሽሮ የደረቀበት አንድ ምሳ ዕቃ፣ ክዳኑና የክዳኑ ጎማ ሳይቀር በወጉ ሊታጠብ ቢያንስ አንድ ጆግ ውሃ ይፈልጋል። ሦስት ምሳ ዕቃ ሦስት ጆግ ነው። ፌስታል ግን ምንም አይፈልግም። ይበሉበታል፣ ይቋጥሩታል፣ ይጥሉታል።

እንግዲህ በአውደ ጥናቱም በግጥሙም ሲነገር የምንሰማው «የግንዛቤ እጥረት» የሚሉት ነገር እዚህ ላይ ይወድቃል። በአንዲት የደከመች ሴት ወጥ ቤት ውስጥ ፌስታል ማለት አለማወቅ አይደለም፤ አንድ ጆግ ውሃና የሃያ ደቂቃ እንቅልፍ ማለት ነው። ይህን የማያሰላ ምክር ሁሉ፣ በተለይም አጥቦ ከማያውቅ ወንድ አፍ ሲወጣ፣ ስድብ ነው።

በእኔ ሙያ ቋንቋ ልናገር። ፌስታል ብድር ነው። የእጥበቱን ዕዳ ዛሬ አንከፍለውም፤ ለሌላ ሰው እናስተላልፈዋለን። ያ ሌላ ሰው የት እንዳለ አዲስ አበባ አንድ ጊዜ በመራር ሐዘን ተረድታለች። ለግማሽ ምእተ ዓመት ያህል ጥራጊያዋን ስትደፋበት የኖረችው የቆሼ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ከክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው፣ ከላዩ የሚሸጥ ነገር ለቅመው የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ክምሩ ፌስታል ብቻ አልነበረም፤ አላስመስልም። ነገር ግን ከየቤታችን በር «ተጣለ» ያልነው ነገር ሁሉ የተጣለው በሰው ላይ እንደነበር ያን ቀን አይተናል። ተበዳሪው አንዱ፣ ከፋዩ ሌላው።

ሕግ አልጠፋም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ለማይበልጥ የፕላስቲክ ከረጢቶች የማምረቻም ሆነ የማስመጫ ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በየሱቁ ቲማቲም ስንገዛ የተሰጠንን ፌስታል በሁለት ጣታችን አሽተን ያየን ሁሉ ስለ አፈጻጸሙ የራሳችን ምስክሮች ነን። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ነገሩ ጠንከር ብሎ፣ በፌስታል ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ተደንግጓል። ሕጉን እደግፋለሁ። ኬንያ በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ሩዋንዳም ከኬንያ ዐሥር ዓመት ግድም ቀድማ ያደረጉትን እኛ የማናደርግበት ምክንያት አይታየኝም። ነገር ግን ሕግ ፌስታሉን ከእጅ ይቀማል እንጂ ሳፋው ዘንድ አይቆምም። ፌስታሉ ሲቀር የተጨመረው እጥበት በማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ በነጋሪት ጋዜጣ አይወጣም። ያንን የምናውቀው እኛ ባሎች ነን፤ እናውቃለን፣ ዝም እንላለን።

አሁን የቦሌ ሱቆች ብልጥ ሆነዋል። ከቀርከሃ የተሠራ፣ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ቅጠል የታተመበት የምሳ ዕቃ ይሸጣሉ። ዋጋው የአንድ ወር የታክሲ ወጪዬን ያህላል። ከባሕር ማዶ የመጣ ሲሆን፣ በምን ተጠቅልሎ እንደመጣ አንባቢ ይገምት፤ አዎን፣ በላስቲክ። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚገዛ ሰው ከማንም ይልቅ ኅሊናውን ነው የሚመግበው። አያቶቻችን ለዚህ ነገር ገንዘብ አላወጡም። እንጀራ ራሱ ምን እንደሆነ እስቲ እናስተውል፦ ሳህን ነው፣ ማንኪያ ነው፣ መጠቅለያም ነው። ደረቅ ጥብስ ወይም ድንች በአልጫ በእንጀራ ተጠቅልሎ ሲያዝ፣ ከተበላ በኋላ የሚታጠብም የሚጣልም የለም። እኛ ግን ጥቅሉን መልሰን በፌስታል እንጠቀልላለን። መጠቅለያን መጠቅለል! በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፤ እነዚህ ሁሉ ሩቅ መንገድ ታስቦላቸው የተፈጠሩ፣ የማይፈሱ፣ ቶሎ የማይበላሹ ናቸው። አቁማዳና ስልቻ፣ ለውሃው ቅል፣ ለድፎው ኮባ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት ስንቁን የቋጠረው በእነዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዕሬ እንደ ልማዷ ልትሸሽ ስትል ያዝኋት። ያ ሠራዊት በሶውን ራሱ አልፈጨም። ከኋላው እየተጓዙ የሚፈጩ፣ የሚያቦኩ፣ ውሃ የሚቀዱ እልፍ ሴቶች ነበሩ። ስለ ስንቅ የምንጽፍ ወንዶች ከሺህ ቀረርቶ መካከል ስለ ወፍጮው ድንጋይ ስንት ስንኝ አለን? አያቶቻችን ለምድር ደግ ነበሩ ስንል፣ አብዛኛው ደግነት የሴት አያቶቻችን ወገብ እንደነበር እንዘለዋለን። አገልግልን ወደ ቤታችን እንመልሰው የሚል ሁሉ ወገቡንም አብሮ ማምጣት አለበት፤ በዚህ ጊዜ ግን የራሱን።

በሥራ ቀን ከበረንዳችን ወደ ሰሜን ባይ ባሕር ዛፍ የለበሰው የየካ ሸንተረር እስከ እንጦጦ ይዘረጋል። ከዚያ ጫካ ከቁመታቸው የሚረዝም የእንጨት ሸክም በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱ ሴቶች ለከተማችን እንግዳ አይደሉም። ሲያርፉ አይቻለሁ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ቆሎ ቆርጥመው፣ ነጠላውን አራግፈው ይነሣሉ። ከዚህ በላይ ምድርን የማይጎዳ ምሳ ማንም አላሰናዳም። ለምድር ምሳሌ ናችሁ ብሎ ለአውደ ጥናት የጠራቸው ሰው ግን አልሰማሁም። የድሃ ቁጠባ ድህነት ይባላል፤ የባለ ጸጋ ቁጠባ ደግሞ «ለአካባቢ ተስማሚ» ይባላል። ይህንን ነው የምጠላው።

ውሃና ድካም የፌስታል አንዱ እግር ናቸው። ሌላው እግር እፍረት ነው፤ እርሱ ደግሞ ከቢሮ ነው የሚመጣው። በመሥሪያ ቤት ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ መግባት «ቋጣሪ» ያሰኛል፣ «ያልደረሰለት» ያሰኛል። ከረባት ያሰረ ሰው ሽሮ ይዞ መምጣቱ እንዴት ይታያል? የምግብ ቤት ዋጋ ከደመወዛችን ቀድሞ ከሮጠ ወዲህ አብዛኞቻችን ከቤት እንደምናመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም በቦርሳ ውስጥ ፌስታል፣ በፌስታሉ ውስጥ ምሳ፤ ተራ በተራ ከአሮጌ መዛግብት ክፍል እየገባን፣ ፊታችንን ወደ መደርደሪያው አዙረን እንበላለን። ፌስታሉ የሚመረጠው ከበሉ በኋላ ማስረጃ ስለማይተው ነው። ባዶ ምሳ ዕቃ በመንገድ ይንኳኳል፤ ፌስታል አይናገርም።

ይህ እፍረት የሰው ልጅ ሁሉ ጠባይ አይደለም። በሕንድ ሙምባይ ከተማ ከ1890 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ነጭ ቆብ ያጠለቁ ሰዎች የቤት ምሳን በብረት ዕቃ ከየቤቱ ሰብስበው፣ በባቡርና በብስክሌት ለየመሥሪያ ቤቱ ያደርሳሉ፤ ባዶውንም ዕቃ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመልሳሉ። ከኮሮና ወረርሽኝ በፊት ወደ 5,000 የሚጠጉ አድራሾች በቀን 200,000 ያህል ምሳ ያመላልሱ እንደነበር ይታወቃል። እዚያ እንደኔ ያለ የባንክ ጸሐፊ የቤቱን ምሳ በባልደረቦቹ ፊት ይከፍታል፤ ከቤት የመጣ ነውና ክብር ነው። (ባዶው ዕቃ ሲመለስ ማን እንደሚያጥበው ባለቤቴ ብትጠይቀኝ መልሱን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ሙምባይም ከዚህ አላመለጠችም።)

አንድ ገጣሚ ወዳጄ ይህን ሁሉ ስነግረው ሳቀብኝ። «ነዳጅ ቆፋሪውና ፋብሪካው ምድርን ሲያነድዳት አንተ የአንድ ጸሐፊ ሽሮ ትቆጥራለህ?» አለኝ። ትክክል ነው፤ የዓለም ፕላስቲክ በእኔ ሽሮ አይቆምም። እኔም ምድርን አድናለሁ አላልሁም። ያልሁት ይህ ነው፦ ስለ ምድር እንጽፋለን ካልን፣ ምድር በእኛ ቤት ውስጥ የምትገባበት በር ሳፋው ነውና እዚያ ጋ እንቁም። ሰፊው ክርክር ጠባቡን ሥራ ላለመሥራት የሚያገለግል ከሆነ ክርክር አይደለም፤ ጥቁር ፌስታል ነው።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ የባለቤቴ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እውነቱን ልናገር፣ አንድ ሳምንት ተብሰልስዬ እተወው ነበር። ያልተወኝ ሌላ ነገር ነው።

የስምንት ዓመት ልጅ አለችን። በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ምገባ አለ፤ እርሷ የምትማርበት ግን የግል ስለሆነ ምሳዋን ከቤት ትይዛለች። አንድ ማክሰኞ ምሳ ዕቃዋ እንደ ተከደነ ተመለሰ። ረቡዕም እንዲሁ። ሐሙስ ማታ እናቷ ተረኛ ስለነበረች እኔ ነበርሁ ቦርሳዋን የከፈትሁት። ጥቅሉ እንዳለ አለ፤ እንጀራው ደርቋል። ምን ሆነሽ ነው ስላት ዝም አለች። ቆይታ፣ ልጆቹ ብስኩትና የታሸገ ጭማቂ እንደሚይዙ፣ የእርሷን አይተው እንደሳቁ ነገረችኝ። ይህን መቼም ብዙ ወላጅ ሰምቶታል። ቀጥላ ያለችው ግን ለእኔ ብቻ የተላከ ነበር።

«አባዬ፣ ለእኔም እንዳንተ በጥቁር ፌስታል አድርጉልኝ። ማንም እንዳያየው።»

ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ታየኝ ነበር ለካ። ስለ አገልግል የጻፍሁትን ግጥም አንድ ጊዜ አንብቤላታለሁ፤ ከዚያ ምንም አልያዘችም። ያለ ቃል ያስተማርኋትን ግን አንድ ሳትስት ተምራለች።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማታ የማጥበው እኔ ነኝ። ሙያ እንደሌለኝ ወዲያው ታወቀ። ባለቤቴ አስተማረችኝ፦ ከውሃ በፊት በደረቀ እንጀራ ቁራሽ መጥረግ፣ ያኔ አንድ ጆግ ለሁለት ዕቃ ይበቃል፤ ሽሮው ለምሳ ሲሆን ወፈር ብሎ እንዲወርድ፣ ከሥሩ እንጀራ እንዲነጠፍለት፤ በጾም ቀን ዘይቱ እንዳይበዛ፣ ዘይት ነው ከሁሉ የሚያስቸግረው። በመጀመሪያው ሳምንት የክዳኑን ጎማ ሳልመልስ ዘግቼ ሽሮው ቦርሳዬን፣ ከቦርሳዬም ውስጥ የነበረውን የግጥም ደብተር አጥለቀለቀው። ሁለት ግጥሞች ጠፉ። አንዱ ስለ ዝናብ ነበር፤ አላዘንሁበትም።

በመሥሪያ ቤት ምሳ ዕቃዬን ያለ ፌስታል ጠረጴዛ ላይ ካኖርሁ አራት ወር አለፈ። በመጀመሪያው ቀን የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሼ አየት አድርገው «ዛሬ ምንድን ነው?» አሉኝ። ሽሮ ነው አልኋቸው። «የኛም» አሉና ከወንበራቸው ሥር አወጡ። የእርሳቸው አሁንም በፌስታል ነው፤ የኔ ጉዳይ ስላልሆነ ምንም አላልሁም። ሌሎቹ ባልደረቦቼ አንዳንዶቹ መዛግብት ክፍሉን ትተው መጥተዋል፣ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ይበላሉ። ልጄም ገና አልተማመነችብኝም። ምሳ ዕቃዋን በአንገት ልብሷ ሸፍና ነው ከቦርሳዋ የምታወጣው፤ ግን ባዶውን ትመልሳለች።

ትናንት ማታ ውሃ አልነበረም። ከመጨረሻው ጀሪካን አንድ ጆግ ቀድቼ ሦስቱንም አጥቤ፣ ደርድሬ፣ መብራቱን አጥፍቼ ገባሁ። ባለቤቴ የተኛች መስሎኝ ነበር።

«ጎማዎቹንስ?» አለችኝ በጨለማው ውስጥ።

ተነሥቼ መብራቱን አበራሁ።